የመንገጭላ ሕመም፣ ቋ የሚል መገጣጠሚያና አልከፈት ያለ አፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአቃቂ ቃሊቲ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከገላንና ከሰበታ ወደ ጥርስ ክሊኒክ የሚመጡ ሰዎች ስለ መንገጭላ ሕመም ደጋግመው የሚጠይቁትን ከቀላሉ ጀምረን መልሰናል።

የሚያመኝ ከጆሮዬ ፊት ለፊት ነው። እዚያ ምን አለ?

የታችኛው መንጋጋ ከራስ ቅል ጋር የሚገናኝበት መገጣጠሚያ አለ፤ በግራም በቀኝም። ጣትዎን ከጆሮዎ ቀዳዳ ትንሽ ወደ ፊት አስቀምጠው አፍዎን ቢከፍቱና ቢዘጉ ከቆዳው ሥር የሚንሸራተት አጥንት ይሰማዎታል፤ እሱ ነው። በሁለቱ አጥንቶች መካከል እንደ ስስ ትራስ የሚያገለግል ዲስክ ተቀምጧል። አፍ መከፈት ሲጀምር አጥንቱ እዚያው ባለበት ይዞራል፤ ሰፋ ሲል ደግሞ ዲስኩን እንደያዘ ወደ ፊት ይንሸራተታል።

ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች ናቸው። አንዱ ጥርስዎን ሲነክሱ ጉንጭዎ ላይ ጠጥሮ የሚወጣው ነው። ሌላው ከጆሮ በላይ ተዘርግቶ እስከ ግንባር ጎን ይደርሳል። «መንገጭላዬን አመመኝ» ብለው ከሚመጡት ሰዎች በብዙዎቹ ሕመሙ የሚነሳው ከአጥንቱ ሳይሆን ከእነዚህ ጡንቻዎች ነው። ከዚህ በታች ያለው መልስ ሁሉ የሚዞረው በዚህ ዙሪያ ነው።

ጥርሴ ነው ወይስ መንገጭላዬ? በምን ልለየው?

የተቦረቦረ ጥርስ ነርቭ ሲቆጣ ቀዝቃዛ ውኃ ወይም ትኩስ ሻይ ሕመሙን ይቀሰቅሰዋል፤ ውኃው ከተዋጠ በኋላም ሕመሙ ለደቂቃዎች አይለቅም። ሌሊት ከእንቅልፍ ያስነሳል። ቆይቶ ደግሞ ያ ጥርስ ሲነከስበት ወይም መታ ሲደረግ ያማል። የጡንቻ ሕመም ጠባዩ ሌላ ነው፦ የሚጫን፣ ሰፋ ብሎ የተዘረጋ፣ ሲያኝኩ፣ ብዙ ሲያወሩና ሲያዛጉ የሚብስ። ቀዝቃዛና ትኩስ ነገር ግድ አይሰጠውም። ጠዋት ሲነሱ የሚብስ ከሆነ ሌሊት ጥርስ እየነከሱ ማደርዎን እንጠረጥራለን፤ ወደ ማታ የሚብስ ከሆነ ደግሞ ቀን ላይ ያለ ልማድ ይፈለጋል።

የሚያሳስተው ነገር እዚህ ላይ ነው። የጉንጭ ጡንቻ ሕመሙን ወደ መንጋጋ ጥርሶች ይልካል፤ ከጆሮ በላይ ያለው ጡንቻ ደግሞ ወደ ላይኛው ጥርሶችና ወደ ራስ። ስለዚህ ሕመምተኛው ጤነኛ ጥርሱን በጣቱ እየጠቆመ «ይሄ ነው» ይላል፤ አልዋሸም፣ እውነትም እዚያ ይሰማዋል። ሐኪሙ ጡንቻውን ሲጫን «አዎ፣ ያው የጥርሴ ሕመም መጣ» ካሉ ምንጩ ጡንቻው ነው። ጥርጣሬው ካልጠራ ሌላ መንገድ አለ፦ በተጠረጠረው ጥርስ ላይ ማደንዘዣ ይሰጣል። ድዱና ከንፈሩ በደንብ ደንዝዞ ሕመሙ ግን እንዳለ ከቀጠለ ሕመሙ የሚነሳው ከዚያ ጥርስ አይደለም። ይህን ለማጣራት አሥር ደቂቃ ይበቃል። ሳይደረግ ጥርስ ማስነቀል ግን የማይመለስ ነገር ነው።

ብርድ መቶኝ ወይም ምች ይሆን?

ብርድ ብቻውን መገጣጠሚያውን አያሳምምም። ነገር ግን እንደ ሱሉልታ ባለ ብርዳማ ቦታ ማለዳ ታክሲ ሲጠብቁ ትከሻ ይሰበሰባል፣ ጥርስ ይነከሳል፤ ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ጡንቻው ይደክማል። ስለዚህ አንገትና ጉንጭን በሻርፕ መሸፈን አይከፋም። በከንፈር ላይ ውኃ ቋጥሮ የሚወጣውና ብዙ ሰው ምች የሚለው በቫይረስ የሚመጣ ነው፤ ከመንገጭላ ሕመም ጋር አይገናኝም።

ፊት በአንድ በኩል ከወረደና ዓይን አልከደን ካለ ግን ጉዳዩ የፊት ነርቭ ነው። መድኃኒቱ በተሻለ የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ስለሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። እጅ ከዛለ ወይም አንደበት ከተያዘ የስትሮክ ምልክት ነው፤ አንድ ሰዓትም አይጠበቅም። ጆሮ ውስጥ ደግሞ የሞቀ ዘይትም ሆነ የጤና አዳም ጭማቂ አያንጠባጥቡ፤ ጆሮው ጤነኛ ከነበረ ታማሚ ያደርጉታል።

አፌን ስከፍት ቋ ይላል። መታከም አለበት?

ሕመም ከሌለውና አፍዎ በደንብ የሚከፈት ከሆነ መታከም የለበትም። ድምፁ የሚመጣው ዲስኩ ከቦታው ትንሽ ወደ ፊት ሸሽቶ፣ አፍ ሲከፈት ወደ ቦታው ሲመለስ ነው። ምንም ሕመም ከሌላቸው ሰዎች ውስጥ ወደ ሲሶ የሚጠጉት ኤምአርአይ ቢነሱ ዲስካቸው ከቦታው ወጥቶ ይታያል። ሆን ብለው እየደጋገሙ ማስጮኹን ግን ይተዉ፤ ጅማቱን ያላላዋል።

ድምፁ እንደ አሸዋ መፋጨት ከሆነ፣ ሕመም ከተጨመረበት፣ ወይም ለዓመታት ቋ ሲል የኖረው በድንገት ዝም ብሎ አፍዎ በግማሽ ብቻ መከፈት ከጀመረ ይታዩ። የመጨረሻው ዲስኩ መንገድ ዘግቶ መቅረቱን ያሳያል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲመጡ መገጣጠሚያውን በእጅ ማፍታታት ይቀላል።

ምክንያቱ ምንድን ነው?

አንድ ምክንያት ብቻ ያለው እምብዛም አይገኝም። ጥርስና ጥርስ በጤናማ ቀን የሚነካኩት ሲያኝኩና ሲውጡ ብቻ ነው፤ ተደምሮ ከ20 ደቂቃ ገደማ አይበልጥም። በልብስ ስፌት ማሽን ፊት ሲያተኩሩ፣ በተጨናነቀ መንገድ መሪ ይዘው ሲቆሙ፣ ወይም ውኃ የተሞላ ጀሪካን ይዘው የኮንዶሚኒየም ደረጃ ሲወጡ ሳያውቁት ጥርስ ነክሰው የሚቆዩት ሰዓት ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ክር በጥርስ መበጠስ፣ ቆርኪ በጥርስ መክፈት፣ መፋቂያን ሰዓቱን ሙሉ ማኘክ፣ ስልክን በትከሻና በመንገጭላ መካከል ጨብጦ ማውራት፣ በሆድ መተኛት ሁሉም ይጨምራሉ።

ጫት ለብቻው መነሳት አለበት። ቅጠሉን በአንድ ጉንጭ ወሽቆ ለሰዓታት ማኘክ አንድ ወገን ያለውን ጡንቻ ይጨርሰዋል፤ አነቃቂነቱ ደግሞ ጥርስ ያስነክሳል፣ እንቅልፍም ይነሳል። ጫት ሳይቀንሱ ሌላውን ሕክምና ብቻ መከታተል ቀዳዳ እንስራ እንደ መሙላት ነው። ለድብርትና ለጭንቀት የሚሰጡ እንደ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ያሉ መድኃኒቶችም በአንዳንድ ሰው ላይ ጥርስ ማፋጨት ያመጣሉ፤ በራስዎ አያቋርጡ፣ ላዘዘልዎ ሐኪም ይንገሩ።

ልጄ ሌሊት ጥርሱን ያፋጫል። ወስፋት ነው?

ጥርስ ማፋጨት የወስፋት ማረጋገጫ አይደለም። በልጆች ላይ በጣም የተለመደ ነው፤ አብዛኞቹም ቋሚ ጥርስ ሲያወጡ እየተዉት ይሄዳሉ። ወስፋት የሚታወቀው በሰገራ ምርመራ ነው። ልጁ ካንኮራፋ፣ አፉን ከፍቶ ከተኛ ወይም ትንፋሹ እየተቆራረጠ ከሆነ ቶንሲሉና አፍንጫው ይታይለት። እንጥል ማስቆረጥ ይህን አያድንም፤ ደም በመፍሰስና በኢንፌክሽን ልጅ ሊያሳጣ ይችላል።

ለምርመራ ስመጣ ምን ይደረግልኛል?

መጀመሪያ ጥያቄ ነው፦ መቼ ጀመረ፣ በቀን ስንት ሰዓት ይቆያል፣ ምን ያብሰዋል፣ ምን ያቀለዋል፣ እንቅልፍዎ እንዴት ነው። ቀጥሎ አፍዎ የሚከፈተው በማስመሪያ ይለካል፤ ከላይኛው የፊት ጥርስ ጫፍ እስከ ታችኛው። ሦስት ልኬት አለ፦ ሳያምዎ የሚከፍቱት፣ እያመመዎትም በራስዎ አቅም የሚከፍቱት፣ ሐኪሙ በጣቱ ረድቶ የሚከፍተው። ለአዋቂ 40 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ጥሩ ነው። በቤትዎ ለመገመት የራስዎን ሦስት የመሐል ጣቶች አንዱን በአንዱ ላይ አቁመው በፊት ጥርሶችዎ መካከል ያስገቡ፤ ሁለት ብቻ ከገቡ ጠቧል ማለት ነው። መንጋጋው ሲከፈት ወደ ጎን መሳቡም ይታያል፤ ዲስኩ የቆለፈበት ወገን ወደ ራሱ ይስበዋል።

ከዚያ ጡንቻውና መገጣጠሚያው በጣት ይዳሰሳል። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የምርመራ መስፈርት ግፊቱን ሳይቀር ወስኗል፦ ጡንቻው ላይ 1 ኪሎ ግራም፣ በመገጣጠሚያው ጫፍ ላይ ግማሽ ኪሎ፣ ቢያንስ ለ2 ሰከንድ። ባለሙያ እጁን በወጥ ቤት ሚዛን ላይ ተጭኖ ማለማመድ ይችላል፤ ቀላል ነገር ቢሆንም ምርመራውን አስተማማኝ ያደርገዋል። ዋናው ጥያቄ «ያማል ወይ?» አይደለም፤ ጠንክሮ የተጫኑት ቦታ ማንንም ያማል። ጥያቄው «ሰሞኑን የሚያምዎት ሕመም ይሄው ራሱ ነው ወይ?» ነው። መልሱን ሐኪሙን ደስ ለማሰኘት ብለው አይስጡ።

ጥርሶች፣ ድድ፣ ምላስ፣ የጉንጭ ውስጠኛ ክፍል፣ የአንገት ዕጢዎችና ጆሮም ይታያሉ። በጉንጭ ውስጥ በጥርስ መስመር የተሰመረ ነጭ ጭረትና በምላስ ዳር የተቀረጸ የጥርስ ቅርጽ መንከስዎን ይጠቁማሉ።

ራጅ መነሳት አለብኝ?

ሁሉም ሰው አይደለም። ፓኖራሚክ የተባለው ራጅ የተሰበረ አጥንት፣ የተቀበረ ጥርስ፣ መግልና የአጥንት መበላት ያሳያል፤ ዲስኩንም ጡንቻውንም አያሳይም። ስለዚህ «ራጁ ንጹሕ ነው፣ ምንም የለብህም» ማለት ስሕተት ነው፤ የጡንቻ ሕመም በራጅ ታይቶ አያውቅም። ኤምአርአይ የሚታዘዘው አፉ ተቆልፎ በሕክምና አልለቅ ሲል፣ ወይም ሌላ ከባድ ነገር ሲጠረጠር ነው። ውድ ስለሆነ ውጤቱ ሕክምናውን የሚቀይር መሆኑን አስቀድመው ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ቤት ውስጥ ምን ላድርግ?

ብዙ ሰው የሚድነው በዚህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚንቀውም ይህንን ነው። መጀመሪያ የመንጋጋ ማረፊያ ቦታን ይልመዱ፦ ከንፈር የገጠመ፣ ጥርስ ከጥርስ የተላቀቀ፣ ምላስ ላንቃ ላይ ያረፈ። «ነ» ሲሉ የምላስዎ ጫፍ የሚነካው ቦታ ትክክለኛው ነው። ስልክዎ ጀርባ፣ በር ላይ፣ ማሽንዎ ላይ ትናንሽ ባለቀለም ወረቀት ይለጥፉ፤ ባዩት ቁጥር «ጥርሴ ተነክሷል?» ብለው ይፈትሹ፣ ከነከሱ ይልቀቁ። በመጀመሪያው ቀን ስንት ጊዜ ነክሰው እንደሚያገኙት ሲያዩ ይደነግጣሉ።

ሙቀት ይጠቅማል። ፎጣ በሙቅ ውኃ ነክረው ይጭመቁ፣ በእጅ አንጓዎ ውስጠኛ ክፍል ላይ ሞክረው ካልፈጀዎት ጉንጭዎ ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያቆዩት፤ በቀን 3 ጊዜ። ፎጣው ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ሙቅ ውኃ የያዘ ፕላስቲክ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ መያዝ ይሻላል። ምት ወይም አደጋ ከሆነና 48 ሰዓት ካልሞላው ግን ሙቀት ሳይሆን ቀዝቃዛ ነገር ለ10 ደቂቃ ይያዙ። ከሙቀቱ በኋላ በሁለት ጣት የጉንጭ ጡንቻውን ለአንድ ደቂቃ ክብ እየሠሩ ያሹ፤ ቅባት አያስፈልግም።

እንቅስቃሴው እንዲህ ነው፦ ምላስ ላንቃ ላይ እንዳለ ሳይላቀቅ አፍዎን እስከሚችል ድረስ በቀስታ ይክፈቱ፣ ይዝጉ። 6 ጊዜ፤ ይህንን በቀን 6 ዙር። በመስታወት ፊት ይሥሩት፣ አገጭዎ ቀጥ ብሎ ይውረድ። ሰው የሚሳሳተው አፉን በኃይል በመበርገድ ነው፤ የተጨነቀ ጡንቻ ሲገፋ ይበልጥ ይኮማተራል። ለውጡ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ መታየት ይጀምራል፤ በ6 ሳምንት ምንም ካልተለወጠ ሌላ ይታሰባል።

ምን ልብላ? ጾም ላይም ነኝ።

ጾም ለዚህ ይመቻል። ሽሮ፣ የክክና የምስር ወጥ፣ ወጥ የጠገበ ፍርፍር፣ ገንፎ፣ አጥሚት፣ የተቀቀለ ድንች፣ በደንብ የበሰለ ጎመን፣ ሙዝና አቮካዶ ለ2 እና 3 ሳምንት በቂ ናቸው። ፍስክ ሲሆን እንቁላል፣ ዓሣና ክትፎ ይጨመራሉ። የሚከለከሉት ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቁርጥ፣ ቋንጣ፣ ሸንኮራ፣ በቆሎ እሸት፣ ደረቅ የድፎ ዳቦ ቅርፊትና ማስቲካ ናቸው። ትልቅ ጉርሻም አይቀበሉ፤ ሰርግ ቤት አጉራሹ ሲለምንዎት «ትንሽ ይሁንልኝ» ይበሉ፣ ይገባዋል። በሁለቱም ወገን እያኘኩ ይብሉ። ፈሳሽ ብቻ እየጠጡ ወር መክረም ግን አይገባም፤ ጡንቻው ይሟሽሻል።

የትኛውን መድኃኒት ልውሰድ? አሞክሳሲሊን ጠቅሞኝ ነበር።

አሞክሳሲሊን ባክቴሪያ ይገድላል እንጂ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም ላይ የሚሠራው ነገር የለም። ጠቅሞኛል የሚሉት ብዙ ጊዜ ሕመሙ በራሱ የሚበርድበት ሳምንት ላይ ስለወሰዱት ነው። እብጠት፣ ትኩሳትና መግል ሳይኖር አንቲባዮቲክ አይጀምሩ።

ጨጓራ፣ የኩላሊት ችግር፣ አስም ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከሌለብዎት ኢቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም በየ8 ሰዓቱ ከምግብ በኋላ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን ይወሰዳል። «ሲያመኝ ብቻ» እያሉ አልፎ አልፎ ከመዋጥ ለአጭር ጊዜ በሰዓቱ መውሰድ ይሻላል። ከላይ ካሉት አንዱ ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ፓራሲታሞል ይውሰዱ፤ ለአዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም በላይ አይታለፍም፣ ጉበት ላይ ችግር ያለበት ሰው ደግሞ መጠኑን ሐኪም ይወስንለታል። የዲክሎፌናክ መርፌ በየሳምንቱ መወጋት ለጨጓራም ለኩላሊትም አደጋ ነው፤ ከኢቡፕሮፌን ጋር ደግሞ በአንድ ቀን አይደራረብም። ነጭ ሽንኩርት ወይም አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥ ድዱን ያቃጥላል፤ ከአንድ ሕመም ሁለት ይሆናል።

ናይት ጋርድ ያስፈልገኛል? ከሱቅ የገዛሁትስ?

ናይት ጋርድ ሌሊት ጥርስ ላይ የሚጠለቅ መሸፈኛ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ለሚያማቸውና ጥርሳቸው እየተበላ ላለ ይጠቅማል። ጥሩው ሁሉንም ጥርስ የሚሸፍን፣ ከጠንካራ ፕላስቲክ (አክሪሊክ) የተሠራ፣ ከኋላ በኩል 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ነው። ሲነክሱ የተቃራኒው ጥርሶች ሁሉ እኩል ሊነኩት ይገባል፤ ስለዚህ ከላብራቶሪ ሲመጣ በአፍዎ ውስጥ በባለቀለም ወረቀት እየተፈተሸ ይስተካከላል። ሳይስተካከል «ይኸው» ተብሎ ከተሰጠዎት ይመልሱት። በ1 ወይም 2 ሳምንት ውስጥ ለማስተካከያ ይመለሳሉ፤ ጡንቻው ሲላላ ንክሻው ይቀየራልና።

የሚደረገው ሌሊት ብቻ ነው። ቀንና ሌሊት ማድረግ፣ ወይም የፊት ጥርሶችን ብቻ የሚሸፍን ዓይነት ለወራት መጠቀም፣ ጥርሶችን ከቦታቸው ያንቀሳቅሳል። በሙቅ ውኃ አለስልሰው፣ ነክሰው የሚቀርጹት ለስላሳው የስፖርት ጋርድ አንዳንዱን ሰው እንደ ማስቲካ ያስነክሰዋል። በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና በለስላሳ ብሩሽ ይጠቡት፤ ሙቅ ውኃ ያጣምመዋል። ሲተኙ በጣም የሚያንኮራፉና ትንፋሽዎ የሚቆራረጥ ከሆነ ከመሠራቱ በፊት ይናገሩ፤ መተንፈስን ሊያብስ ይችላል።

ጥርሴ በደንብ ስላልገጠመ ነው ተብዬ ሊሞረድ ነው። ልስማማ?

አይቸኩሉ። ሰሞኑን የተሞላ ወይም ክራውን (የጥርስ ሽፋን) የገባለት ጥርስ ከፍ ብሎ ከሆነ ያችን ማስተካከል ተገቢ ነው። ጤነኛ ጥርሶችን እየሞረዱ ወይም ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) አስረው የመንገጭላ ሕመምን ማዳን ግን ማስረጃ የሌለው ሥራ ነው። ሕመም ላይ ያለ ጡንቻ ራሱ ንክሻን ያዛንፋል፤ ሕመሙ ሲለቅ ንክሻው ብዙ ጊዜ ይመለሳል። መመለስ የሚቻለው ሁሉ ሳይሞከር መመለስ የማይቻለው አይጀመርም።

አዛግቼ አፌ ተከፍቶ ቀረ። ምን ይደረግ?

አጥንቱ ከጉድጓዱ ወጥቶ ከፊቱ ካለው ጉብታ አልፎ ተቀርቅሯል። ምራቅ ይዝረበረባል፣ ማውራት ያቅታል፣ ሰው ይደናገጣል፤ ለሕይወት ግን አያሰጋም። አገጭን በኃይል ወደ ላይ አይግፉ፤ ወደሚቀረቀርበት ይበልጥ ይገፋዋል። ወጌሻ ዘንድም አይሂዱ፤ አጥንቱ ተሰብሮ ከሆነ በራጅ ሳይታይ መጎተቱ ጉዳቱን ያከፋዋል። በቅርብ ወዳለ የጥርስ ክሊኒክ ወይም ሆስፒታል ቶሎ ይድረሱ፤ በቆየ ቁጥር ጡንቻው እየጠነከረ መመለሱ ይከብዳል።

ሐኪሙ ዝቅ ባለ ወንበር ያስቀምጥዎታል፣ አውራ ጣቶቹን በጎዝ ጠቅልሎ ከታችኛው መንጋጋ ጥርሶች በስተኋላ ያስገባል፤ መጀመሪያ ወደ ታች ይጫናል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ይገፋል። ሁለቱ አንድ ላይ አልመለስ ካሉ በአንድ በኩል ይጀምራል። ከተመለሰ በኋላ ለ2 እና 3 ሳምንት አፍዎን ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ አይክፈቱ፤ ማዛጋት ሲመጣ ጭብጥዎን አገጭዎ ሥር ያድርጉ።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ማስታወክን ለማስቆም የሚሰጠው ፕላሲል በተለይ ወጣቶች ላይ መንጋጋና አንገትን ሊያጣምም ይችላል፤ ውልቃት ይመስላል፣ ግን የሚለቀው በሌላ መርፌ ነው። ሰሞኑን የወሰዱትን መድኃኒት ሁሉ ይናገሩ።

አፌ አልከፈት አለ። ከምን ሊሆን ይችላል?

ጊዜውን ማስታወስ ግማሽ ምርመራ ነው። የታችኛው ጥርስ ማደንዘዣ ከተወጋ ከጥቂት ቀናት በኋላ ከጀመረ መርፌው ጡንቻውን ነክቶት ነው፤ ሙቀትና እንቅስቃሴ በሳምንታት ይፈታዋል። የምላስ መጫኛ እንጨቶችን ደራርበው በጥርሶች መካከል እያስገቡ በየ2 እና 3 ቀኑ አንድ መጨመር ጥሩ መለኪያም ማፍታቻም ነው። የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ድዱ አብጦ፣ አፍ ሸትቶ፣ መዋጥ ካመመ ኢንፌክሽን ነው። ቋ ሲል የኖረ መገጣጠሚያ ዝም ብሎ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ላይ ከቆመ ዲስኩ ነው። በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ እየጠበበ ከመጣ፣ በተለይ ትንባሆ ወይም ጫት በሚጠቀም ሰው፣ የአፍ ውስጥ እብጠት ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ ይታይ።

መንጋጋ ቆልፍ ወይም ቴታነስ ደግሞ አይረሳ፤ በእርሻና በግንባታ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሚስማር ከወጋው ወይም ቁስል ከያዘው ከ3 እስከ 21 ቀን ውስጥ መንገጭላው ከጠነከረ፣ መዋጥ ካቃተው፣ አንገቱና ሆዱ ከደረቀ የጥርስ ክሊኒክ አይደለም የሚሄደው፤ ቀጥታ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው። ቁስሉ የዳነ ቢመስልም ይንገሩ።

ወዲያው ሆስፒታል መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

ከአገጭ ሥር አብጦ ምላስ ወደ ላይ ከተገፋ፣ ድምፅ ከታፈነ፣ ምራቅ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካቃተ ይህ መግል ጉሮሮን እየዘጋ ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ዳገት ሲወጡ ወይም ሸክም ሲይዙ የሚመጣና ሲያርፉ የሚለቅ የመንገጭላ ሕመም፣ በተለይ ከደረት መጫንና ከላብ ጋር ከሆነ፣ ልብ ነው። ዕድሜዎ ከ50 በላይ ሆኖ ሲያኝኩ መንገጭላዎ ከደከመ፣ ራስዎን ሲያበጥሩ ካመመና ዓይንዎ ከፈዘዘ የደም ሥር መቆጣት ሊሆን ይችላል፤ ሳይታከም ዓይን ያጠፋል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ፊቴን ስታጠብ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል። ጥርስ ነው?

ለሰከንዶች የሚቆይ፣ ከባድ፣ በአንድ ወገን ብቻ ያለ፣ ፊት ሲነካ፣ ጥርስ ሲቦረሽ ወይም ነፋስ ሲመታ የሚነሳ ነዘራ ትራይጀሚናል ኒውራልጂያ ሊሆን ይችላል። የሚያመው የፊትን ስሜት የሚያስተላልፈው ነርቭ ነው። በዚህ ሕመም ጥርሳቸውን አንድ በአንድ ያስነቀሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ጥርሱ አለቀ፣ ነዘራው ግን እንዳለ ነው።

የመጀመሪያው መድኃኒት ካርባማዜፒን ነው፤ ብዙ ጊዜ በ100 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ተጀምሮ ቀስ እያለ ይጨመራል፣ የደም ምርመራም ይከተለዋል። ቆዳ ላይ ሽፍታ ከወጣ አቁመው በዚያው ቀን ይታዩ። የወሊድ መከላከያ ክኒንና በክንድ የሚቀበረውን ጨምሮ፣ እንዲሁም የኤችአይቪ መድኃኒቱን ዶሉቴግራቪርን ያዳክማል፤ ከእነዚህ አንዱን የሚወስዱ ከሆነ ከመጀመርዎ በፊት ሳያፍሩ ይንገሩ። ወጣት ከሆኑ፣ ፊትዎ ከደነዘዘ ወይም በሁለቱም ወገን ካለ የራስ ኤምአርአይ ያስፈልጋል።

ጥርሴን ተነቅዬም ሕመሙ አልሄደም። ቀጣዩን ላስነቅል?

አይ። በተነቀለ በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን የባሰ ሕመምና መጥፎ ሽታ ከመጣ ጉድጓዱ የደም መሸፈኛውን አጥቶ ነው፤ ታጥቦ መድኃኒት ይደረግበታል። ሳምንታት ካለፉና ቁስሉ ከዳነ ግን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ፦ ሕመሙ ቀድሞውንም ከጡንቻ ነበር? ከነርቭ ነው? ቀሪ ሥር አለ? ይህ ሳይመለስ ሁለተኛ ጥርስ መንካት የለበትም።

ለምን የአእምሮ መድኃኒት ታዘዘልኝ? አብጃለሁ እንዴ?

አላበዱም። አሚትሪፕቲሊን በትልቅ መጠን ለድብርት ይሰጣል፤ በ10 ሚሊ ግራም ሲጀመር ግን ከ3 ወር በላይ የቆየን ሕመም ማብረጃና እንቅልፍ ማስተካከያ ነው። ሕመም ሲቆይ ነርቮች ራሳቸው እንደ ተበላሸ ደወል ያለ ምክንያት መጮህ ይለምዳሉ፤ መድኃኒቱ የሚያረግበው ያንን ነው። ማታ ይወሰዳል፤ አፍ ያደርቃል፣ ጠዋት ሊያፈዝ ይችላል። የልብ ምት ችግር ካለብዎት ያስታውቁ። ለውጡን ለማየት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይስጡት።

ቦቶክስ ወይም ቀዶ ሕክምና ያድነኛል?

ጥቂቶችን ብቻ። ቦቶክስ ጡንቻን የሚያዝል መርፌ ነው፤ ወራት ቆይቶ ኃይሉ ያልቃል፤ የመጀመሪያ ሕክምና አይደለም። ተቆልፎ ለቀረ መገጣጠሚያ በሁለት መርፌ በጨው ውኃ ማጠብ ይቻላል፤ ይህም ሌላው ከተሞከረ በኋላ ነው። መገጣጠሚያውን መክፈት ለተጣበቀ አጥንት፣ ለዕጢና ለመሳሰለው ነው።

ሪፈር ተጽፎልኛል። ምን ይዤ ልሂድ?

የፊትና መንጋጋ ቀዶ ሕክምና እንደ ቅዱስ ጳውሎስና የካቲት 12 ባሉ ሆስፒታሎች ይገኛል። በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን የሚታከሙ ከሆነ ከጤና ጣቢያዎ የተጻፈ ሪፈር ከሌለዎት ካርድ ላይ ሊመልሱዎት ስለሚችሉ ከዚያ ይጀምሩ። የራጁን ፊልም ወይም ሲዲ፣ የወሰዷቸውን መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው፣ ናይት ጋርድ ካለዎት እሱን፣ የሁለት ሳምንት ማስታወሻም ይያዙ፦ በየቀኑ ጠዋትና ማታ ሕመሙን ከ0 እስከ 10፣ የተከፈተውን አፍ በጣት ወይም በሚሊ ሜትር፣ የዋጡትን መድኃኒት። ከገላን ወይም ከሰበታ ተነስተው በማለዳ ስለሚሄዱ ቁርስዎን በልተው ይውጡ፤ ባዶ ሆድ ላይ ማስታገሻ መዋጥና በረሃብ ጥርስ ነክሶ ወረፋ መጠበቅ የዕለቱን ምርመራ ያዛባል።